የስብዕና መጠይቅ የፋክተር አወቃቀር አፈታተንና የተርጓሚው ድርሻ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ከሚመለሱት የሙያ ጽሑፎች መካከል እንደ ስብዕና መጠይቅ ቀላል መስሎ የሚታይ ጥቂት ነው። መጠይቁ አንዳንዴ አርባ፣ አንዳንዴም ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ዝርዝር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ስለ ተጠያቂው ጠባይ አንድ ነገር ይናገራል፤ ተጠያቂውም በነገሩ ምን ያህል እንደሚስማማ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደረጃዎች አንዱን መርጦ ያመለክታል። ግጥም አይደለም፤ የሕግ አንቀጽም አይደለም። ተርጓሚው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጨርሶ ሊያስረክበው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ይኸው ትርጉም ሠራተኛ ለመምረጥ፣ ተማሪ ለመምከር፣ በሽተኛ ለመመርመር፣ አልፎ ተርፎም የአንድን ሕዝብ ጠባይ ከሌላው ሕዝብ ጋር ለማወዳደር ሊውል ይችላል። ተጠያቂው በሌላ ትርጉም የተረዳው ቃል ያስከተለው መልስ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ «ይህ ሰው ጭንቀታም ነው» ወይም «ይህ ሰው ለሥራ አይተጋም» የሚል ፍርድ ሆኖ ይመጣል፤ ፍርዱን የሚያነበው ሰውም ከጀርባው የተርጓሚ ምርጫ መኖሩን አያውቅም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን አደጋ የሚቈጣጠሩበት መንገድ አላቸው። እርሱም የመጠይቁን «የፋክተር አወቃቀር» መፈተን ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ፈተና ምን እንደ ሆነ፣ ምን ሊያሳይና ምን ሊያሳይ እንደማይችል፣ የቋንቋ ባለሙያም በውስጡ ምን ድርሻ እንዳለው ለማብራራት እንሞክራለን። የሒሳቡን ዝርዝር ሥሌት ለባለሙያዎቹ ትተን ሐሳቡን ብቻ እንከተላለን። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጠይቁ ከመዝገበ ቃላት እንደ ተወለደ

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች በቅድሚያ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው የስብዕና መጠይቆች የዘር ሐረጋቸው ሲቈጠር የሚደርሰው ከመዝገበ ቃላት ላይ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 የሰውን ጠባይ ለመለካት መነሻ ሲፈልግ የሮዤን የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ገልብጦ ጠባይን የሚገልጹ ቃላት ከአንድ ሺህ እንደማያንሱ ገመተ። በ1936 አሜሪካውያኑ ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የዌብስተርን ታላቅ መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ፈትሸው አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት የሚያገለግሉ 17,953 ቃላት መዘገቡ። ከእነዚህም ውስጥ የማይዋዥቅ ጠባይን የሚያመለክቱ ብለው የለዩአቸው 4,504 ነበሩ። በስተጀርባው ያለው ሐሳብ ይህ ነው፦ በሰዎች መካከል የሚታይና ለኑሮ የሚጠቅም የጠባይ ልዩነት ሁሉ ውሎ አድሮ በቋንቋው ውስጥ ቃል ያገኛል፤ ልዩነቱ ይበልጥ ባስፈለገ መጠንም የቃላቱ ቍጥር ይበዛል። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይህ ትልቅ አክብሮት ነው፤ ዳሩ ግን ሸክምም አለበት።

ሬይመንድ ካቴል በ1940ዎቹ ዓመታት ይህን የቃላት ክምር በማጠቃለል ወደ ጥቂት ደርዘን አወረደው። በ1961 ኧርነስት ቲዩፕስና ሬይመንድ ክሪስታል የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች የካቴልን ዝርዝር በልዩ ልዩ ሰዎች ላይ ሞክረው በተደጋጋሚ አምስት ፋክተሮች አገኙ፤ በ1963 ዋረን ኖርማን ይህንኑ አጸና። ሉዊስ ጎልድበርግ በ1981 «ታላላቆቹ አምስት» የሚል ስም አወጣላቸው። እኛ እዚህ ላይ ተግባቢነት፣ ስምሙነት፣ ጥንቁቅነት፣ የስሜት አለመረጋጋትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን እያልን እንጠራቸዋለን፤ ስሞቹ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የመጨረሻ ስያሜ ናቸው አንልም። ከዚህ በኋላ መጠይቆቹ ተከተሉ። ፖል ኮስታና ሮበርት መክሬ በ1992 ያሻሻሉት ረዥሙ መጠይቅ 240 ዐረፍተ ነገር አለው። ኦሊቨር ጆንና ባልደረቦቹ በ1991 ያዘጋጁት አጭሩ ደግሞ 44 ሐረግ ብቻ ነው።

እንግዲህ አመጣጡን ልብ እንበል። በአንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ የተገኘ ስብስብ ተጣርቶ ጥቂት ሐረግ ሆነ፤ ሐረጉ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተረጐመ፤ በመጨረሻም «የሰው ልጅ ጠባይ አምስት ነው» ተባለ። አባባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መፈተን ያለበት አባባል ነው።

«ፋክተር» ስለሚለው ቃል

ወደ ፈተናው ከመግባታችን በፊት ቃሉን እንመርምር። «ፋክተር» በሒሳብ ትምህርት ውስጥ «አካፋይ» ይባላል፤ ለምሳሌ ሦስት የዐሥራ ሁለት አካፋይ ነው። ይህ ግን ከምንናገርለት ነገር ጋር ምንም አይገናኝም። በተለመደው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ተርጓሚዎች «ምክንያት» ይሉታል። ይህ ከፊተኛው ይልቅ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ገና ያልተረጋገጠውን ነገር እንደ ተረጋገጠ ያስቈጥራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሰው በተሰበሰበበት መጫወት እወዳለሁ» በሚለው የተስማማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከማላውቀው ሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ» በሚለውም ይስማማል። ሁለቱ መልሶች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ዐረፍተ ነገር ከእነዚህ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ከተገኘ፣ የመልሶቹን አንድነት በአንድ የማይታይ መጠን ማጠቃለል ይቻላል፤ ያ የማይታይ መጠን ፋክተር ይባላል። ቻርልስ ስፒርማን በ1904 በተማሪዎች ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሐሳቡን ሲያቀርብ የታየው ይኸው የውጤቶች አብሮ መሄድ ነበር። ፋክተር እንግዲህ የመልሶች አብሮ መሄድ ማጠቃለያ ነው። በሰውየው ውስጥ ያለ ኃይል ይሁን፣ የባህል ልማድ ይሁን፣ ወይም የትርጉሙ ጠባይ ይሁን ሥሌቱ ራሱ አይናገርም። «ምክንያት» ብለን ብንጽፍ አንባቢው የመጀመሪያውን ብቻ ይወስዳል። «አውራ ባሕርይ» የሚለውም ያው ችግር አለበት፤ የትርጉም ስሕተት የፈጠረውን ፋክተር «ባሕርይ» ልንለው አንችልም።

ስለዚህ «ፋክተር» እንዳለ ይቈይ የሚለውን እንመርጣለን። ተጓዳኞቹ ግን አማርኛ አላቸው። ሁለት ነገሮች አብረው የሚሄዱበት መጠን «ተዛምዶ»፣ የመልሶች መበታተን «ልይይት»፣ የመለኪያው ተመሳሳይ ውጤት መስጠት «አስተማማኝነት»፣ ሊለካ የታሰበውን መለካቱ «ተገቢነት» ተብለው በትምህርትና በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ሥር ሰደዋል። አንዱ ዐረፍተ ነገር ከአንዱ ፋክተር ጋር ያለውን ትስስር የሚያሳየውን ቍጥር አንዳንዶች ቃል በቃል «ጭነት» ብለው ይመልሱታል። ይህ አህያና መኪና ከማስታወስ በቀር ለአንባቢው የሚሰጠው ፍሬ የለም፤ «የቍርኝት መጠን» ቢባል ነገሩን ይገልጸዋል እንላለን።

የአፈታተኑ መንገዶች

44 ሐረግ ያለው መጠይቅ ሲሞላ በሐረጎቹ መካከል ያሉት ጥንድ ተዛምዶዎች 946 ናቸው። 240 ዐረፍተ ነገር ባለው መጠይቅ 28,680 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በዓይን አይቶ ቅርጹን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሥሌት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መንገድ የአሰሳ ትንተና ነው። ተመራማሪው ምንም ሳይወስን መልሶቹ ራሳቸው በስንት ወገን እንደሚሰበሰቡ ይጠይቃል። «በስንት» የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ካቴል በ1966 ያቀረበው ዘዴ የፋክተሮቹን መጠን ከትልቁ እስከ ትንሹ በሥዕል ደርድሮ ገደሉ አልቆ ናዳው የሚጀምርበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ ከገደሉ ሥር የተከመረው ኮረት አይቈጠርም። ጆን ሆርን በ1965 ያመጣው ይበልጣል እንላለን፤ ከመጠይቁ ጋር እኩል የሆነ የዘፈቀደ ቍጥር ሠንጠረዥ ይፈጠርና ከዘፈቀደው የሚበልጡት ፋክተሮች ብቻ ይያዛሉ። ከዚያ ቀጥሎ «ማዞር» የሚባል ሥራ አለ። አንድን መንደር ከአንዱ ኮረብታ ያየ ሰው ቤቶቹ ተደራርበው ይታዩታል፤ ወደ ሌላው ኮረብታ ቢሻገር በሁለት ረድፍ ተለይተው ያያቸዋል። ቤቶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ የተለወጠው ማያ ቦታው ነው። ማዞርም እንዲሁ እያንዳንዱ ሐረግ በተቻለ መጠን ለአንድ ፋክተር ብቻ እንዲወግን የሚያደርግ ማያ ቦታ መፈለግ ነው።

በመጨረሻ ተመራማሪው አብረው የተሰበሰቡትን ሐረጎች እያነበበ ለስብስቡ ስም ያወጣል። ይህ የሒሳብ ሥራ አይደለም። የቃላትን ትርጉም አነጻጽሮ የጋራቸውን መለየት ነውና የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የማረጋገጥ ትንተና ነው፤ ካርል የሬስኮግ በ1969 መልክ አስያዘው። እዚህ ላይ ተመራማሪው አስቀድሞ ይወስናል፦ ይህ ሐረግ የተግባቢነት ነው፤ ከሌሎቹ አራት ፋክተሮች ጋር ምንም ቍርኝት የለውም። ውሳኔው ትክክል ቢሆን ኖሮ ሊገኙ የሚገባቸው ተዛምዶዎች ይሠሉና በእውነት ከተገኙት ጋር ይመዛዘናሉ። የመቀራረባቸውን ልክ የሚናገሩ ጠቋሚዎች አሉ፤ አንዱ ጠቋሚ ወደ አንድ በቀረበ መጠን፣ ሌላው ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይመሰገናል። ሁና ቤንትለር በ1999 ያቀረቡት ወሰን ለአንደኛው 0.95፣ ለሌላው 0.06 ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ወሰን እንደ ሕግ ይጠቅሱታል፤ አቅራቢዎቹ ግን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ድንጋጌ አላቀረቡትም።

የሚገርመው፣ መክሬና ባልደረቦቹ በ1996 እንዳሳዩት ረዥሙ መጠይቅ በዚያው በተወለደበት አገር እንኳ በማረጋገጥ ትንተና ሲፈተን ይወድቃል። ከዚህ ሁለት መደምደሚያ ሊወሰድ ይችላል፤ ወይ አወቃቀሩ ስሕተት ነው፣ ወይ መለኪያው ከመጠን በላይ ግትር ነው። መክሬና ጓደኞቹ ሁለተኛውን መርጠው «ፕሮክረስቲስ» የተባለውን ማዞር እንጠቀም አሉ። ፕሮክረስቲስ በግሪኮች አፈ ታሪክ እንግዳን ከአልጋው ጋር ለማስተካከል አጭሩን የሚጐትት፣ የረዥሙን እግር የሚቈርጥ ሽፍታ ነው። በዚህ መንገድ አዲሱ ሠንጠረዥ በአሜሪካ የተገኘውን እስኪመስል ድረስ እንዲዞር ይደረግና መመሳሰሉ በቍጥር ይለካል፤ ከ0.85 እስከ 0.94 ያለው «ይቀራረባል»፣ ከ0.95 በላይ ያለው «አንድ ነው» ይባላል። ስሙን በ1962 ያወጡት ሁርሊና ካቴል የመረጡት ለጌጥ አልነበረም፤ ዘዴው ማንኛውንም መረጃ ከማንኛውም ግምት ጋር ለማስማማት ሊያገለግል እንደሚችል ለማሳሰብ ነበር። እኛም ስሙ በአማርኛ ሳይለወጥ ቢቀር እንመርጣለን፤ ማስጠንቀቂያው በስሙ ውስጥ ነውና።

ጺማኔዎች የመለሱት

በ2005 መክሬና ብዙ ተባባሪዎች የ50 ባህሎችን ውጤት አወጡ። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። 11,985 የኮሌጅ ተማሪዎች በቅርብ ስለሚያውቁት ሰው መጠይቁን ሞሉ፤ የአሜሪካው አወቃቀር በአብዛኞቹ ባህሎች በግልጽ ተደግሞ እንደ ታየ፣ በሁሉም ዘንድ ቢያንስ እንደሚለይ ተገለጸ። ነገሩ የተቋጨ መሰለ። ይሁን እንጂ የኮሌጅ ተማሪ የትም ቢሆን መጠይቅ መሙላት የለመደ ሰው ነው።

ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው በቦሊቪያ ቆላ፣ በአማዞን ደን አቅራቢያ በሚኖሩት ጺማኔዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች በአደን፣ በዓሣ ማጥመድና በአነስተኛ እርሻ የሚተዳደሩ፣ አብዛኞቹም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ናቸው። 44ቱ ሐረጎች ወደ ቋንቋቸው ተተርጕመው 632 ጐልማሶች መለሱ። ተመራማሪዎቹ በአንድ ዘዴ አልረኩም፤ አሰሳውንም፣ ማረጋገጡንም፣ ፕሮክረስቲስንም ሞከሩ፤ መልሶቹ በሌላ ጊዜ ሲጠየቁ ይጸኑ እንደ ሆነ፣ ከሰዎቹ ከሚታየው ተግባር ጋርም ይስማሙ እንደ ሆነ አዩ። አምስቱ ፋክተሮች አልወጡም። «ምናልባት ሰው ራሱን በመመዘን ይቸገር ይሆናል» በማለት ሌሎች 430 ጐልማሶች ስለ ትዳር ጓደኛቸው እንዲመልሱ ቢደረግም አልተሻሻለም። በተቃራኒ የሚቈጠሩት ሐረጎች ሲወጡ ተግባቢነት፣ ስምሙነትና ጥንቁቅነት የሚመስሉ ስብስቦች ብቅ አሉ፤ አጠቃላይ ስምምነቱ ግን ደካማ እንደ ሆነ ቀረ። ተመራማሪዎቹ የጺማኔዎች ጠባይ በሁለት ነገር ይሻላል ሲጠቃለል አሉ፤ አንደኛው ለሌሎች በጎ መሆን፣ ሁለተኛው ታታሪነት ነው።

ይህን ውጤት በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንደኛው የጺማኔዎች ጠባይ በእውነት በሌላ መልክ ተዋቅሯል የሚለው ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሥራ በሚሠራበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አምስት ዓይነት ልዩነት ለመብቀል ስፍራ አያገኝም። ሁለተኛው መጠይቁ አልተረዳም የሚለው ነው። በ2019 ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ በ23 አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ፊት ለፊት ከተጠየቁ 94,751 ሰዎች መልስ ተነሥተው የተለመዱት የስብዕና ጥያቄዎች ሊለኩ የታሰበውን ጠባይ በአብዛኛው እንደማይለኩ ሲያሳዩ፣ ከሚጠቅሷቸው ችግሮች አንዱ ለቀረበው ሁሉ «አዎ» የማለት ዝንባሌ ነበር። በአገራችንም ቢሆን የስብዕና ባይሆንም ስለ አእምሮ ጤና መጠይቅ የቀደመ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮርትማንና ቴን ሆርን በ1988 ባሳተሙት ጥናት የዓለም ጤና ድርጅትን ራስን የመግለጫ መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲመረምሩ ያተኰሩት በተጠያቂዎች አረዳድና መልሱን ባነሣሣው ፍላጎት ላይ ነበር። ቍጥሩ ብቻውን እነዚህን ሁለቱን አያሳይም።

አማርኛ የሚያመጣው ጥያቄ

ከዚህ ቀጥሎ የምንሰጣቸው ምሳሌዎች የጥናት ውጤት አይደሉም። ተርጓሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ወጥመዶች ናቸው።

በመጀመሪያ «ሐሳብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በአማርኛ ሐሳብ አእምሮ የሚያፈልቀውም ነው፤ ጭንቀትም ነው። «ሐሳብ ገባው» ስንል ተጨነቀ ማለታችን ነው፤ «ሐሳብ ይዞኝ እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ሰው ስለ አዲስ ፈጠራ እየተናገረ አይደለም። እንግዲህ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንን እንዲለካ የተዘጋጀ ሐረግ «ብዙ ሐሳብ አለኝ» ተብሎ ቢተረጐም፣ ችግር የከበባት እናት በሙሉ ልብ «በጣም እስማማለሁ» ትላለች። መልሷ የሚሄደው ከጭንቀት ሐረጎች ጋር ነው። በፋክተር ሠንጠረዡ ላይ ሐረጉ ወገኑን ለቅቆ በስሜት አለመረጋጋት ሥር ይታያል፤ ሩቅ አገር ተቀምጦ ሠንጠረዡን የሚያነበው ተመራማሪም «በኢትዮጵያ የፈጠራ ችሎታና ጭንቀት የተሳሰሩ ናቸው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «አዳዲስ ሐሳቦችን አመነጫለሁ» ማለት ችግሩን ይፈታል፤ ግን ሌላ ይወልዳል። «ማመንጨት» የተማረ ሰው ቃል ነው። ያልገባው ተጠያቂ በትሕትና «እስማማለሁ» ቢል፣ በመጽሐፍ ቋንቋ የተጻፉት ሐረጎች ሁሉ አብረው ወጥተው አንድ ፋክተር ይሆናሉ፤ የሚለካውም የትምህርት ደረጃን ነው። እኛ «ሌላው ያላሰበው መላ ይመጣልኛል» ወደሚለው እናዘነብላለን፤ በገጠርም በከተማም ይሰማልና።

ሁለተኛው የቃላት ክብር ጉዳይ ነው። በአጭሩ መጠይቅ ውስጥ ስሜቱንና ንግግሩን የሚገታ ሰውን የሚገልጽ ሐረግ አለ፤ የሚቈጠረውም በተቃራኒው፣ ማለት የተግባቢነት ጕድለት ተደርጎ ነው። በአማርኛ የሚመጣልን «ቁጥብ» ወይም «ጭምት» ነው። ትክክለኛ ትርጉም ናቸው። ነገር ግን «ጭምት» በአማርኛ ምስጋና ነው፤ ጨዋነትን፣ አስተዳደግን፣ ራስን መግዛትን ያስከትላል። ስለዚህ ሐረጉ ከዝምተኝነት ጋር ብቻ አይሄድም፤ ከጥንቁቅነትና ከስምሙነትም ጋር ይጐተታል። የማረጋገጥ ትንተና «ከሌሎቹ ጋር ምንም ቍርኝት የለውም» ብሎ የጀመረ ነውና እዚህ ላይ ይሰበራል። ልብ በሉ፤ በሪቻርድ ብሪስሊን ጽሑፍ ከ1970 ወዲህ የተስፋፋው የመልሶ መተርጐም ዘዴ ይህን አይዝም። ሌላ ተርጓሚ «ቁጥብ»ን ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው ያንኑ የመጀመሪያውን ቃል ያገኛል፤ ፈተናውም አለፈ ይባላል። መዝገበ ቃላታዊ ፍቺው ተመልሷል፤ ክብሩና ነቀፋው ግን አልተመለሰም።

ሦስተኛው አሉታ ነው። «አልመጣህም?» ተብሎ የተጠየቀ የአማርኛ ተናጋሪ ባይመጣ «አዎ፣ አልመጣሁም» ይላል። በአሉታ የተጻፈ ሐረግ ሲነበብለትም የመስማማትና ያለመስማማት ሥሌቱ ድርብ ይሆንበታል። «ቶሎ አልናደድም» በሚለው «አልስማማም» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ የተማረ ሰው እንኳ ቆም ብሎ ያስባል። ጺማኔዎች ዘንድ ተቃራኒዎቹ ሐረጎች ሲወጡ ነገሩ በመጠኑ መጥራቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በአማርኛ ብዙውን ጊዜ መውጫ አለ፤ «አልናደድም» ከማለት «ትዕግሥተኛ ነኝ» ወይም «ሆደ ሰፊ ነኝ» ማለት ይቻላል፤ አሉታው በቃሉ ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

የመልስ ደረጃዎቹም ሐረጉን ያህል ሊጤኑ ይገባል። «በጣም አልስማማም» የሚለው በብዙ የአማርኛ መጠይቆች የመጨረሻው ጫፍ ሆኖ ይታተማል። በንግግር ግን «በጣም አልወደውም» ማለት አጥብቆ መጥላትም፣ እምብዛም አለመውደድም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው የተረዳው ሰው አንድ ቍጥር ወደ መካከል ማዘንበል ሲፈልግ ጫፉን ይመርጣል። ይህ በአንድ ሐረግ ላይ የሚደርስ ስሕተት አይደለም፤ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ስለዚህም ተዛምዶዎቹን ሁሉ ያዛባል። «ፈጽሞ አልስማማም» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል።

ስለ መደቡ አንድ ነገር እንጨምር። ራስን በሚገልጽ መጠይቅ አማርኛ የታደለ ነው፤ «እወዳለሁ»፣ «እጨነቃለሁ» ስንል ወንድና ሴት አይለዩም። ስለ ሌላ ሰው በሚሞላው መጠይቅ ግን እንግሊዝኛው የማያውቀው ምርጫ ይመጣል፤ «እሱ»፣ «እሷ» ወይስ «እሳቸው»? በ«እሳቸው» የተጻፈ መጠይቅ ገና ሳይሞላ አክብሮት አዝዟል፤ «ነገረኛ ናቸው» በሚለው ፊት ለፊት የሚስማማ ጥቂት ነው። በ«እሱ» የተጻፈው ደግሞ ስለ አባቱ የሚመልሰውን ሰው ያስቀይማል። ሁለቱ ቅጾች ለየብቻቸው ተዘጋጅተው መልሳቸው ለየብቻ መተንተን አለበት እንጂ በአንድ ሠንጠረዥ ሊቀላቀል አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚከብደው መጠይቁ ያልጠየቀው ነገር ነው። «ይሉኝታ»ን እናስብ። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጠንቀቅ ማለት ነው። «ይሉኝታ ቢስ» ከከባዶቹ ነቀፋዎች አንዱ ነው። ይህ ከአምስቱ በየትኛው ሥር ይግባ? ለሌላው ማሰብ አለበትና ስምሙነት ሊሆን ይችላል፤ ሥርዐት መጠበቅ አለበትና ጥንቁቅነት፤ መሸማቀቅም አለበትና የስሜት አለመረጋጋት። ወይም ለብቻው የሚቆም ሌላ ነገር ነው። የተተረጐመ መጠይቅ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ያልተጠየቀ ነገር በየትኛውም ሥሌት አይወጣም። «ሆደ ባሻ»ም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ እንባ የሚቀድመው ሰው በእንግሊዝኛው አከፋፈል የስሜት አለመረጋጋት ባለቤት ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ በቃሉ ውስጥ ርኅራኄም ይሰማዋል።

በደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ተመራማሪዎቹ የተዘጋጀ መጠይቅ ከመተርጐም ይልቅ በወቅቱ በነበሩት አሥራ አንድ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ከሺህ በላይ ሰዎችን «የምታውቁትን ሰው በራሳችሁ ቃል ግለጹልን» ብለው ጠየቁ። በ2012 ባወጡት ጽሑፍ መልሶቹን በዘጠኝ ጕባኤዎች መደቧቸው፤ ከሌሎች ጋር ስላለ ግንኙነት የሚናገሩት ቃላት ከአምስቱ ታላላቆች ሊገመት ከሚቻለው በላይ ሰፊ ቦታ ይዘው ተገኙ። ማይክል አሽተንና ኪቤም ሊ ደግሞ በ2004 ከሰባት ቋንቋዎች የቃላት ጥናት ተነሥተው ስድስተኛ ፋክተር እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረቡ ሲሆን፣ እርሱም እውነተኛነትንና ትሕትናን የያዘ ነው። አማርኛም ለእንዲህ ያለው ሥራ ጥሬ ዕቃ አላጣም። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል፤ ኦልፖርትና ኦድበርት በዌብስተር ላይ እንደ ሠሩት ከፊደል እስከ ፊደል ቢፈተሹ በ«ሆደ»፣ በ«ልበ»፣ በ«ዓይነ» የሚጀምሩት ጥምር ቃላት ብቻቸውን ትልቅ መዝገብ ይሆናሉ። ከመዝገበ ቃላት የማይገኘውን የዕለት ንግግር ደግሞ ሰውን ጠይቆ ማሟላት ይቻላል።

ያ ሥራ እስኪደረግ ድረስ የተተረጐሙ መጠይቆች መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ካርድ ይያዝ፤ በካርዱ ላይ የተመረጠው ቃል ብቻ ሳይሆን የተጣሉትም ቃላት፣ የተጣሉበትም ምክንያት፣ ቃሉ ምስጋና ወይም ነቀፋ የሚያስከትል እንደ ሆነም ይጻፍ። ትርጉሙ ከመባዛቱ በፊት በትምህርትና በዕድሜ ለሚለያዩ ጥቂት ሰዎች ይነበብላቸውና ምን እንደ ተረዱ በራሳቸው ቃል ይናገሩ፤ የተናገሩትም በካርዱ ጀርባ ይስፈር። ካርዶቹ ከትርጉሙ ጋር ለተመራማሪው ይሰጡ። የፋክተር ሠንጠረዡ ሲወጣና አንድ ሐረግ ከወገኑ ተለይቶ ሲገኝ፣ ተመራማሪው ስለ ሕዝቡ ጠባይ ከመጻፉ በፊት መጀመሪያ የሚያነበው የዚያን ሐረግ ካርድ ይሁን።